ግማሽ ሚሊሜትር

የጥርስ ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አጎቴ ሱቅ የገባች ረቡዕ አጎቴ ወደ ጎረቤት ሰደዳት። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የአንድ የእጅ ሰዓት ሆድ ውስጥ አቀርቅሮ ስለነበር ያየው ሴትዮዋን ሳይሆን የያዘችውን የጫማ ካርቶን ብቻ ነው። ቀና ሳይል «ጫማ ሰሪው ቀጥሎ ያለው በር ነው» አላት። እሷም አመስግናው ወጣች። ጫማ ሰሪው ካርቶኑን ከፍቶ ውስጡን አየና ራሱ ይዞ፣ ሴትዮዋን አስከትሎ መጣ።

«እኔ አራት እግር ላለው ደንበኛ ሶል አልመታም» አለ፣ ካርቶኑን አጎቴ ፊት እያስቀመጠ።

በነጭ ጥጥ ተከባ የተኛችው ጥቁር ሎኮሞቲቭ ከእኔ ክንድ ታጥር ነበር። የጭስ ማውጫዋ ነሐስ ነው። በየጎኗ ሁለት ሁለት መንኮራኩር አላት፤ የአንድ ጎን መንኮራኩሮችን አንድ ቀጭን ብረት ያያይዛቸዋል። አጎቴ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ ተነሳ። መጀመሪያ ባቡሯን አየ፤ ቀጥሎ ሴትዮዋን አየ፤ ከዚያ እንደገና ባቡሯን አየና ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ሳይሆን የወንበሩን ጫፍ አግኝቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና ያስደነገጠችው ባቡሯ መስላኝ ነበር።

ሴትዮዋ አስረዳችው። ባቡሯን በእጃቸው የሠሯት አባቷ ናቸው፤ ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቷ ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍል የሞላ ሐዲድ ትተውላታል። ባቡሯ ቀጥ ያለው ሐዲድ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ከሐዲዱ ትወጣለች።

«እኔ እንግዲህ ከጥርስ ሌላ የማውቀው የለም» አለች።

ይህን አባባሏን ማንም አልተጠራጠረም። እኔም የሰማሁት «ጥርስ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። በቀኝ በኩል ከኋላ አንድ የተቦረቦረች መንጋጋ ነበረችኝ። እናቴ እንዳታውቅ ሁለት ወር ሙሉ በግራ ብቻ እያኘክሁ ደብቄያታለሁ። ሴትዮዋ ባለችበት አፌን ላለመክፈት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ቃሉን መጠበቅም አልከበደኝም። ድሮም ቢሆን ጫማ ሰሪው «ጭጭ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ባየኝ ቁጥር ድምፄን የት አስቀምጬው እንደመጣሁ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ አልመልስለትም፤ እሱም ይኸው ብሎ ይስቃል።

እናቴ የአጎቴ ታላቅ እህት ናት። ስልክ ቤት እስከ ማታ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው አጎቴ ዘንድ ነበር፤ ቅዳሜም እንደዚያው። ሥራም ነበረኝ። ግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ እኔ ዱካ ላይ ቆሜ ሁሉንም አንድ ዓይነት ሰዓት እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። አጎቴ በሌላው ነገር ሁሉ ገር ሰው ነው፤ በዚህ ግን ቀልድ አያውቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሁለት ነገር ሲናገር አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው ይል ነበር። አንዱ በሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ሲጮህ የታመመ ሰው የሰማ ያህል ፊቱን ያጨማድዳል።

ትንንሽ ባቡር መጠገን ለእሱ ሥራ አልነበረም፤ ፍቅር ነበር። መስኮቱ ሥር ሁለት ክንድ የሚሆን ቀጥ ያለ ሐዲድ ዘርግቶ የጠገነውን ሁሉ እዚያ ይሞክራል። ያን ረቡዕ የጥርስ ሐኪሟን ባቡር ገልብጦ ጨርቅ ላይ ሲያስተኛት አጠገቡ ቆሜ ነበር። በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ የተሰኩት ሁለቱ መንኮራኩሮች ከሚገባው በላይ ተቀራርበው እንደነበር አሳየኝ። መንኮራኩሩ በውስጥ በኩል ከንፈር አለው። ሁለቱ ከንፈሮች ከተቀራረቡ ባቡሯ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ትወጣበትና ትንጋለላለች። ከነሐስ የተሠራች ትንሽ መለኪያ አለችው፤ በሁለቱ መካከል ሳትላወስም ሳትጨናነቅም መግባት አለባት። ዘንጉን ሞርሳው ላይ አስሮ አንዱን መንኮራኩር በጥፍር ስባሪ ያህል ሳበው፤ መለኪያዋን አስገባት፤ ልክ ገባች። ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሴትዮዋ መጥታ ወሰደቻት። ከመውሰዷ በፊት አጎቴ መስኮቱ ሥር ባለው ሐዲድ ላይ ሁለት ጊዜ አመላለሳት፤ እሷም አጨበጨበች። ለባቡር ሲጨበጨብ ያየሁት ያኔ ነው።

በቀጣዩ ረቡዕ ካርቶኑ ተመልሶ መጣ። ኩርባው ላይ ወጣችብኝ አለች። አጎቴ በጣም አዘነ። ወይም ያዘነ መሰለኝ፤ «ያሳዝናል» እያለ የሚያጉተመትም ሰው ጆሮው ድረስ ለምን ፈገግ እንደሚል አልጠየቅሁም። እንደገና አስተካከላት። እንደገና ቅዳሜ ወሰደቻት። እንደገና ረቡዕ መለሰቻት። እንዲህ እያለ ሰባት ሳምንት ሄደ።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በአሠራሩ ላይ አንድ ነገር መጨመሩን አስታውሳለሁ። መለኪያዋ ልክ መግባቷን ካረጋገጠ በኋላ በሩን ገልመጥ ያደርግና መንኮራኩሩን በአውራ ጣቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ያደርገዋል። ገፋ ብቻ። ይህን የሚያደርገው ሥራው እንዲባረክለት ይመስለኝ ነበር፤ የእኛ ቤት ሰው ሻንጣ ዘግቶ ሲጨርስ ከላይ መታ መታ እንደሚያደርገው። በሽታው ራሱ ያች አውራ ጣት ናት ብሎ ማን ያስባል?

በሰባተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ልትወስደኝ መጥታ ከጫማ ሰሪው ጋር በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው። አጎቴ ከጓዳ ዕቃ ይፈልግ ነበር።

ጫማ ሰሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁንም እንዳለች ናት?» አላት።

እናቴ ተነፈሰች። ወንድሟ ከልጅነቱም ነገር መጀመር እንጂ መጨረስ እንደማያውቅ፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ማለት እንዳቃተው፣ ካልቻለም አልቻልኩም ብሎ ነግሯት መገላገል እንዳለበት ተናገረች። ጫማ ሰሪውም ሴትዮዋ ሰው ናት፣ ዕድሜ ልኳን ስትመላለስ አትኖርም አለ።

«አንድ ቀን ሌላ ታገኛለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ የማጽናናው» አለ።

ዱካዬ ላይ እንደቆምኩ ነገሩ በግልጽ ገባኝ፤ አጎቴ ባቡር መጠገን አይችልም። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋ አንድ ቀን ካርቶኗን ይዛ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ትሄዳለች፤ አጎቴም መስኮቱ ሥር ያለውን ሐዲድ እያየ ይቀራል። በዚያች ማታ ራቴን በግራ በኩል እያኘክሁ፣ ባቡሯን እኔ ራሴ ለማዳን ወሰንኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጫማውን ሊያስጠርግ ጎረቤት ሄደ። (በየሳምንቱ ዓርብ ጫማ ያስጠርጋል። ጭቃ ስለሚበዛ ነው እል ነበር፤ ወሩ ግን የበጋ ወር ነበር።) ባቡሯ ሥራዋ አልቆ ጨርቋ ላይ ተገልብጣ ተኝታለች። ዱካዬን ስቤ ማጉያ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ማንም ያላየውን ጥፋት በአንድ አፍታ አየሁት። እያንዳንዱ መንኮራኩር ላይ ማያያዣው ብረት የሚታሰርበት ትንሽ ፒን አለ። በግራ በኩል ያሉት ፒኖች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ቆመዋል፤ ልክ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ። በቀኝ በኩል ያሉት ግን ወደ ፊት ተኝተዋል፤ ሦስት ቁጥር ላይ። አንድ ባቡር ላይ ግራው ሌላ ቀኙ ሌላ ይቆጥራል! በደቂቃ ልዩነት ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ይህን እንዴት ዝም አለው? አሳዘነኝ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ዓይኑ ደክሟል አልኩ።

ሰዓት ሠሪ ያሳደገው ልጅ ማድረግ ያለበትን አደረግሁ። ትንሿን ካቻቢቴ አንስቼ የቀኙን ማያያዣ ብረት ሁለት ብሎኖች ፈታሁ። ግራውን መንኮራኩር በአንድ እጄ ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ቀኙን በሌላው ጠመዘዝኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ምላሴን ነክሼ ስጨምርበት ዞረ። ፒኑ ከወንድሙ ጋር እኩል ሲቆም ተውኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ብረቱን መልሼ አሰርኩ፣ ባቡሯን በጥጧ ጠቅልዬ ካርቶኗ ውስጥ አስተኛኋት፣ ክዳኑንም መታ መታ አደረግሁት። አጎቴ ሲመለስ ካርቶኑን አይቶ «ጠቀለልሽልኝ? ጎበዝ» አለኝ። ጫማው ያብረቀርቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት አልነበረም። ባቡሯ የምትሄደው በኤሌክትሪክ ስለሆነ መስኮቱ ሥር ሳትሞከር ሄደች። አጎቴ ሐኪሟን በር ድረስ ሸኝቶ አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ስለ መብራቱ አወራት። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ረቡዕ እንደማትመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕን ማን ጠብቆ። በዚያው ቅዳሜ መብራት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ፤ እሷ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መጣች። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆመች። እስከዚያ ቀን እሱ «ዶክተር፣ እርስዎ» ይላታል፤ እሷም «እርስዎ» ትለዋለች። ያን ቀን ግን አልሆነም።

«ይህን ለመናገር ይህን ያህል መልፋት አልነበረብህም» አለችው።

አጎቴ ግራ ገባው። «ምን ለመናገር?»

«እንዳልመጣ።»

ክዳኑን ከፈተች፣ ባቡሯን ገለበጠች፣ በትንሽ ጣቷ ፒኖቹን አመለከተች። አጎቴ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ የግድግዳውን ቀለም ይመስል ነበር።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ መርፌ ከመውጋቷ በፊት እንዲህ የምታወራ ይመስለኛል። «ግማሽ ሚሊሜትሯን አውቃታለሁ» አለች። «በየሳምንቱ ግማሽ ሚሊሜትር። አንድ ጊዜ እንኳ አልበዛችም፣ አላነሰችም። የእውነት ብልሽት እንደዚያ ልኩን አያውቅም። ቅዳሜ ቤቴ ስገባ አሰፋታለሁ፤ አራት ቀን እነዳታለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት መልሼ አጠባትና ይዣት እመጣለሁ። ይኼ ግን ሌላ ነው። ይህን የምታህል ሩብ ዙር አባቴ ስንት ቀን ነው የተጨነቁባት። አሁን ግማሽ ዙር ትሄድና አንዱ እግሯ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይላል፤ ትቆማለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰዓት ሠሪ ሳያውቅ አያደርግም።»

ከዚህ ሁሉ ያኔ የገባኝ ትንሽ ነው። እሷም ባቡር ለመጠገን ሞክራ እንዳልቻለች የምትናዘዝ መሰለኝ። አንዱን ነገር ግን በደንብ ሰማሁ፤ ፒኖቹ መለያየት ነበረባቸው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጠረጴዛ የምንነካው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ ከሃያ ሦስቱ ሰዓቶች ሥር፣ አፌን ገጥሜ ቆሜያለሁ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው ያየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«እኔ ነኝ» አላት። «እጄ ስቶ ነው። ይቅርታ።»

ዛሬ ድረስ ሰው ስለ ደግነት ሲያወራ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የማይረባ መልስ ሊሰጣት እንደማይችልም አውቃለሁ። የእሱ እጅ እንደማይስት እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለክታዋለች። ባቡሯን በጥጧ ጠቀለለች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ካርቶኑን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወደ በሩ ሄደች። አጎቴ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። ሌላ ጠጋኝ ልትፈልግ እየሄደች ነው አልኩ በልቤ። ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሰዓቶቹ ከእኔ ይበልጥ ይሰማሉ። ከዱካዬ ወርጄ በሩ ድረስ ሄድኩና ቀሚሷን ያዝኩ።

«እኔ ነኝ ያዞርኩት» አልኩ። «ግራው አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል፣ ቀኙ ሦስት ሰዓት ይላል። አንዱ ይዋሻል። ሰው ሁሉ አጎቴ ባቡር መጠገን አይችልም ይላል፤ ሌላ እንዳታገኚ ብዬ ነው።»

በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ቁጢጥ አለች፤ ፊቷ ፊቴ ጋ ደረሰ። ደግሜ እንድናገር ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ስትሰማኝ ቆየች። ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ አጎቴን አየችው።

«ሌላ እንዳላገኝ ብላ ነው» አለችው።

አጎቴ የሰዓት ማሰሪያውን፣ የጆሮውን ጫፍ፣ ሁሉን ነገር ነካካ። «እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ። ጫማ ሰሪው ነው፤ በእጁ የተጠረገም ያልተጠረገም ጫማ አልያዘም። እሱን ማንም ግባ አላለውም። «ጭጭ ተናገረች እንዴ?» አለ፤ ከዚያ የሁለቱን ፊት አይቶ ሥራ እንዳለበት ትዝ አለውና ሄደ።

ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፈታችው፤ ከአጎቴ መለኪያ ጋር አንድ ዓይነት፣ ግን ከመያዝ ብዛት ጠርዟ የለሰለሰ የነሐስ መለኪያ ናት። አጎቴ አፉን ከፍቶ አያት። መለኪያ እንዳላት ሊጠይቃት ጀምሮ ከመሃል ተወው። እሷ ግን መለሰችለት፤ በእኔ ዕድሜ ሳለች ጀምሮ የአባቷን መንኮራኩሮች የምትለካው እሷ ነበረች። ከጥርስ ሌላ የማውቀው የለም ያለችው ውሸት ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ረቡዕስ? እሱን አልጠየቃትም። እኔ ግን ካደግሁ በኋላ ጠይቄያታለሁ። መጀመሪያ የገባችው የሱቁን ሐዲድ በመስኮት አይታ መሆኑን ብቻ ነገረችኝ፤ «ሐዲዱን ብቻ?» ስላት ሳሎኑን መጥረግ ጀመረች።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው መንኮራኩሮቹን መለሷቸው። እሱ ያዘ፤ እሷ አዞረች። ለእኔም አስረዱኝ። በአንድ በኩል ያለው ብረት መግፋት የማይችልበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ በሌላው በኩል ያለው ገና መግፋት ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የሩብ ዙር ልዩነት ያላቸው። እኩል ከሆኑ እኩል ይደክማሉ። መለኪያዋን አስገቡ፤ ልክ ገባች። አጎቴ ከልማድ የተነሳ ይመስለኛል አውራ ጣቱን አነሳ፤ ሐኪሟ እጁን መታ አደረገችው።

ግማሽ ሚሊሜትሯ በደንብ የገባችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የክፍሌ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ ሊዋሰኝ መጣ። መጽሐፉን ሰጥቼው ወደ መኝታ ክፍሌ እየተመለስኩ ደረጃው መሃል ላይ ቆምኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ሳያውቅ ሌላዋ እያወቀች፣ አንዲት ደህና ባቡር ሲያበላሹ ነበር። በእውነት ያበላሸኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ባቡሯ መስኮቱ ሥር ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ያን ጊዜ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ደግሞ ስታወሪ ያየሁትን ነገር አሳዪኝ» አለችኝ። «በቀኝ በኩል፣ ከኋላ። አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ምን እደብቃለሁ?

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ አጎቴ በተጠረገ ጫማ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እጄን ይዞ ወሰደኝና ጥርሴን ነቀለችልኝ። ቁስሉን ለማየት በሚቀጥለው ሳምንት እንድንመለስ አዘዘች፤ በሚቀጥለውም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም።